ባትሪው ነው ከማለታችን በፊት

በከተማችን ማለዳ ማለዳ ከየግቢው ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ፥ አልነሣም ያለ መኪና የሚያሰማው የማቃሰት ድምፅ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አንድ ሁለት ጊዜ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ወዲያው ጎረቤት ይጠራል፥ መኪናውም ይገፋል። ከገፊዎቹም መካከል «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ግዛና ተገላገል» የሚል አይጠፋም። ምክሩ በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ሰውን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል። ምክንያቱም ባትሪው የሚመግበው አጥቶ ወይም የሚዘርፈው በዝቶበት ሊሆን ይችላል እንጂ፥ ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል።

ይህን ርእስ ለመጽሔታችን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍል የምንማረው ትምህርት በመኪና ኮፈን ሥር ተሰብስቦ ስለሚገኝ ነው። ሁለተኛ፥ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ መኪና ነድተው ስለሚያድሩ፥ ነገሩን ማወቅ ለየቤታችን ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ነው። እንግዲህ ዕውቀቴ በፈቀደልኝ መጠን ባትሪ ለምን እንደሚደክም፥ ጥፋቱ ከየት እንደ ሆነ በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚጠገን በተራ እገልጻለሁ።

ሀ. ባትሪ ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፥ የመኪና ባትሪ የተሰጠውን ኃይል ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ዕቃ መሆኑ ነው። እህል ከእርሻ መጥቶ በጎተራ እንደሚቀመጥና በችግር ጊዜ እንደሚወጣ፥ ኤሌክትሪክም ሞተሩ ሲሠራ ወደ ባትሪው ይገባል፤ ሞተሩን ለማስነሣት በሚያስፈልግ ጊዜ ደግሞ ይወጣል። እህል ያላስገባንበትን ጎተራ «ለምን ባዶ ሆንህ?» ብለን ልንወቅሰው አይገባም።

መልሶ ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1859 ዓ.ም. ነበር። ዛሬም በብዙዎቹ መኪናዎች ውስጥ ያለው ባትሪ መሠረቱ ያው የፕላንቴ ሥራ ነው። በውስጡ 6 ክፍሎች አሉ። በእያንዳንዱ ክፍል አንዱ ወገን ከንጹሕ እርሳስ፥ ሌላው ወገን ከእርሳስ ኦክሳይድ የተሠሩ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድና በውኃ ድብልቅ ውስጥ ቆመዋል። አንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፥ ስድስቱ ተቀጣጥለው 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ስለዚህ «12 ቮልት» እያልን የምንጠራው ባትሪ ሲሞላ በእውነቱ 12.6 ነው።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሁለቱም ሰሌዳዎች ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ አሲዱም እየሳሳ ውኃ ወደ መሆን ይቀርባል። ሲሞላ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዳሩ ግን ባትሪው ባዶውን ብዙ ቀን ከቆየ ሰልፌቱ ይጠነክርና በሰሌዳው ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ በሙሉ አይመለስም። አዲስ ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚያረጀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ረኀብ ራሱ በሽታ ይሆናል ማለት ነው።

ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ ባትሪ ላይ በቴስተር የሚነበበው ቁጥር የጎተራውን መጠን ይነግረናል። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፤ 12.2 ግማሽ ያህል፤ 12.0 ሩብ ያህል ነው። ከ11.8 በታች ከሆነ ባዶ ነው ይባላል። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ መሆኑን አስተውሉ። ሙሉውንና ባዶውን የሚለያቸው ከአንድ ቮልት ያነሰ ነገር ስለ ሆነ፥ በግምት ሳይሆን በመለኪያ መሥራት ግድ ነው።

ለ. ጎተራውን የሚሞላው ማን ነው?

በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ላይ ሞተሩ የሚነሣው በብረት እጀታ በሰው ጉልበት እየተጠመዘዘ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 ሞዴል ካዲላክ መኪናዎች ላይ ከተገጠመ ወዲህ ግን ሞተሪኖ የተባለው ማስነሻ ተለመደ። ሞተሪኖ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ቢሠራም ከመቶ አምፔር በላይ ይጠይቃል። ይህን የሚከፍለው ባትሪው ነው። የተከፈለውን የሚተካው ደግሞ ሹፌሮቻችን ዛሬም «ዲናሞ» እያሉ የሚጠሩት አልተርኔተር ነው።

የአልተርኔተር ምሥጢር እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ያሳየው ነገር ነው፤ ይኸውም ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ መፈጠሩ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት በአልተርኔተሩ መሀል ያለውን የኤሌክትሪክ ማግኔት ያሽከረክራል፤ በዙሪያው ባሉት ጥቅሎችም ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ባትሪ ግን የሚቀበለው በአንድ ወገን ብቻ የሚፈሰውን ስለ ሆነ፥ በመካከሉ ዳዮዶች ይቆማሉ። ዳዮድ ማለት ኤሌክትሪክን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። በአልተርኔተር ውስጥ ቢያንስ 6 ትልልቅ ዳዮዶች አሉ፤ በብዙዎቹም ለመሀሉ ማግኔት ኃይል የሚያቀብሉ 3 ትናንሽ ዳዮዶች ይጨመራሉ። ሬጉሌተር የተባለው ዕቃ ደግሞ የሚወጣው ኃይል ከልክ እንዳያልፍና እንዳያንስ ይጠብቃል።

የድሮው ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚሰጠው ኃይል እምብዛም ነበር። ክራይስለር ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተርን ካስገባ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት፤ አልተርኔተር በዝግታም ቢሆን ይሞላልና። በከተማችን ለብዙ ዘመን የተወደደችው አሮጌዋ ፎልስዋገን ግን ስለዚህ ጉዳይ መልካም ትምህርት ትሰጣለች። በእርሷ ሞተር ላይ አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም የማቀዝቀዣውን ማራገቢያም ያዞራል። ቺንጋው ቢበጠስ ቀዩ መብራት ይበራል፤ መብራቱን ንቆ የሚነዳ ሹፌርም ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ጭምር ያቃጥላል።

ሐ. ጎተራ የሚጎድልባቸው ሦስት መንገዶች

ባትሪ ደክሞ ሲገኝ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ወይም ከአንድ በላይ ነው።

1ኛ፥ አራሹ ሰንፏል። ቺንጋው ላልቷል፥ የአልተርኔተሩ ካርቦን አልቋል፥ ሬጉሌተሩ ወይም ዳዮዱ ተበላሽቷል፥ ወይም ሽቦው ዝጓል። ባትሪው የሰጠው አይተካለትም።

2ኛ፥ ሌባ ገብቷል። መኪናው ቆሞ ቁልፉ ተነቅሎ ሳለ ኤሌክትሪክ በድብቅ ይፈሳል። የዕቃ መያዣው መብራት ሳይጠፋ ቀርቶ፥ ራዲዮው በስሕተት ተገናኝቶ፥ ወይም ከዚህ በታች እንደምናየው አልተርኔተሩ ራሱ ሌባ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

3ኛ፥ ጎተራው ራሱ ፈርሷል። ሰሌዳዎቹ አርጅተዋል፥ ወይም ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል።

ባትሪ መለወጥ መድኀኒት የሚሆነው ለሦስተኛው ብቻ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምክንያት የተጎዳ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ማስገባት፥ አይጥ በሞላበት ቤት አዲስ እህል እንደ ማፍሰስ ያለ ነው።

መ. በጉለሌ የታየው ምሳሌ

ነገሩን በተግባር ያየሁት ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር የባዮሎጂ ክበባችን ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን በጎበኘ ጊዜ ነው። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፥ በእንጦጦ ተራራ ወገብ ላይ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ስለሚበልጥ የታኅሣሥ ጠዋቱ ብርድ ነው። ያን ዕለት መምህራችን አንድ የጠወለገ ችግኝ አሳይተውን፥ «ቅጠሉ ሲጠወልግ ቅጠሉን ብቻ አትዩ፤ ውኃውንና ሥሩን ጠይቁ» ብለውን ነበር። ከሰዓት በኋላ ይኸው ቃል ለመኪናም እንደሚሠራ አየሁ።

ከእኛ መካከል ከፊሎቻችንን ያመጣን አጎቴ ነበር። አጎቴ በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ናፍጣ መኪና ስለ ሆነች ለማስነሣት ብርቱ ባትሪ ትፈልጋለች። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ባትሪ ለውጦ፥ በዚያን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነበር። የአንድ ባትሪ ዋጋ ለእርሱ የብዙ ቀን እንጀራ ነው፤ ሦስተኛውን የገዛውም ለልጁ ደብተርና የደንብ ልብስ ባስቀመጠው ገንዘብ ነው። ባትሪው እንዳያልቅበትም ሁለት ዘዴ ይዞ ነበር። ቀን ቀን ሲቆም ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ደግሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፈትቶ ያድራል። ብዙ ሹፌሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ይህ ዘዴ መኪናዋን በየማለዳው አስነሥቶለታል፤ ዳሩ ግን በሽታውንም ከዓይኑ ሰውሮበታል።

በጉለሌ መኪናዋ የቆመችው ሜዳ ላይ ነው፤ ሽቦውም አልተፈታም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቆይታ፥ ለመመለስ ቁልፉ ሲዞር «ጭጭ» አለች። አጎቴ በስልክ ጠርቷቸው፥ ከእንጦጦ ሥር የሚሠሩ አንድ አረጋዊ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መጡልን።

አጎቴ ገና ሳይጠየቅ፥ «ጋሼ፥ ይኸም ባትሪ ሞተብኝ መሰለኝ፤ ሌላ ልግዛ?» አላቸው።

እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ጎተራው ባዶ ሆነ ብሎ ጎተራውን የሚያፈርስ ገበሬ አላየሁም። እስቲ መጀመሪያ ይመርመር» አሉ። ከላይ የተጠቀምሁበትን ምሳሌ ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው። በነገሩ ደስ መሰኘቴን አይተው፥ «ነይ ልጄ፥ ቴስተሩን ያዢልኝ፤ ያነበብሽውንም ጻፊ» ስላሉኝ፥ የሚከተሉትን ቁጥሮች በደብተሬ ጻፍሁ።

ሠ. የምርመራው ተራ

1ኛ፥ በዓይንና በእጅ መመርመር። ባለሙያው ከመለኪያው በፊት ቺንጋውን በጣታቸው ተጫኑት፤ ላልቶ ነበር። በባትሪው መያዣ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ነበረ። ቀጥለው፥ «አልተርኔተሩን ንኪው» አሉኝ። ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር፤ አልተርኔተሩ ግን ለብ ብሎ አገኘሁት። ከዚያም ቁልፉ ተነቅሎ ሳለ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀዩን የባትሪ መብራት በመዳፋቸው ከፀሐይ ከለሉት። መብራቱ በጣም ደብዝዞ በርቷል! ማታ ማታ ሽቦው ስለሚፈታ፥ አጎቴ ይህን በጨለማ አይቶት አያውቅም።

2ኛ፥ ያረፈውን ባትሪ መለካት። ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርገን በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ብናሳርፈው 11.7 ቮልት አሳየ። ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን ማን ባዶ እንዳደረገው አይናገርም።

3ኛ፥ ሌባውን መፈለግ። ቁልፉ ተነቅሎ፥ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ኔጋቲቭ ሽቦው ይፈታል። ቴስተሩ በ10 አምፔር ቦታ ላይ ሆኖ በተፈታው ሽቦና በባትሪው ምሰሶ መካከል ይገባል። እንግዲህ ከባትሪው የሚወጣ ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ማለፍ አለበት። ጤነኛ መኪና ለሰዓትና ለራዲዮ ትዝታ ብላ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 አምፔር የማይበልጥ ትወስዳለች። በዘመናይ መኪናዎች ኮምፒዩተሮቹ እስኪተኙ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። የአጎቴ መኪና 2.4 አምፔር ትወስድ ነበር።

ይህ ምን ማለት ነው? ባትሪው የ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። በቆመችባቸው 7 ሰዓታት 2.4 በ7 ሲባዛ 16.8 አምፔር ሰዓት ፈስሷል። ሳይፈታ ቢያድርና 12 ሰዓት ቢቆም ደግሞ 28.8 ይፈሳል፤ ከጠቅላላው ከመቶ 41 እጅ ማለት ነው። ቀድሞውኑ በሚገባ ያልተሞላ ባትሪ ይህን ሊችል አይችልም።

ከዚያም ባለሙያው ፍዩዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ መቀነሱን አሳዩን። ፍዩዝ ሲነቀል ቁጥሩ ከወረደ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው። ነገር ግን ሁሉም ተነቅለው ቁጥሩ ከ2.4 ብዙም አልተነቃነቀም። እንግዲህ ሌባው በእነዚህ ፍዩዞች ከማያልፉት ወፍራም ሽቦዎች በአንዱ ላይ መሆን አለበት፤ እነዚህም የሞተሪኖውና የአልተርኔተሩ ናቸው። የአልተርኔተሩ ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ስላለበት፥ በመጀመሪያ ቴስተሩን አላቅቀው ባትሪውን ፍጹም ካገለሉ በኋላ ያን ሽቦ ፈትተው ጫፉን በላስቲክ ጠቀለሉ። እንደ ገና ስንለካ 0.03 አምፔር ብቻ አነበብን። ሌባው ተያዘ። ጎተራውን ይሞላል ተብሎ የተሾመው አልተርኔተር ራሱ ነበር።

4ኛ፥ አራሹን መፈተን። ሽቦው ወደ ቦታው ተመልሶ መኪናዋ ከሌላ መኪና በተገኘ ኃይል ተነሣች። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል መነበብ ነበረበት። እኛ ያነበብነው 12.8 ነው፤ የፊት መብራት ሲበራ ወደ 12.3 ወረደ። ቴስተሩን ወደሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መለኪያ ብናዞረው 1.4 ቮልት አሳየ። ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ዳዮድ መበላሸቱን ያመለክታል፤ በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ማሳለፉን ትቷልና።

5ኛ፥ መንገዱን መፈተን። አልተርኔተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መንገዱ የሚበላበት ጊዜ አለ። ሞተሩ እየሠራና መብራት በርቶ ሳለ፥ በአልተርኔተሩ የውጤት ምሰሶና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። እንዲሁም በአልተርኔተሩ አካልና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል። በመጀመሪያው 0.1 አገኘን፤ በሁለተኛው ግን 0.6። ባለሙያዎች ማሳ የሚሉት፥ ባትሪውን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ዝጎ ነበር።

እዚህ ላይ የቀዩን መብራት ነገር ልጨምር። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ሲከፈት የማይበራ መብራት አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ዝምታው ጤና አይደለም። እንዲሁም መብራቱ ጠፍቶ ሳለ አልተርኔተሩ በሚገባ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ መብራት ምስክር ነው፤ ፈራጁ ግን መለኪያ ነው።

ረ. ምክንያቱና ጥገናው

አልተርኔተሩ በባለሙያው ጋራዥ ተፈትቶ ሲታይ ከትልልቆቹ ዳዮዶች አንዱ ተቃጥሎ በሁለቱም ወገን ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ስትቆም የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በተበላሸው ዳዮድ ይገባል፤ በትናንሾቹ ዳዮዶች አልፎ የመሀሉን ማግኔት ያሞቃል፤ ከዚያም ወደ ማሳ ይፈሳል። አልተርኔተሩ ለብ ያለውና ቀዩ መብራት ያለ ቁልፍ የደበዘዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ይኸው ዳዮድ ከሚመረተው ኃይል ብዙውን እዚያው ያባክናል። አንድ ጥፋት ሁለት ጉዳት አደረሰ፤ ቀን አያስገባም፥ ሲቆምም ያስወጣል።

ጥገናው እንደሚከተለው ተደረገ። የዳዮዶቹ ሰሌዳ ተለወጠ። ያለቁት ካርቦኖች ተተኩ። የላላው ቺንጋ አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ስለ ተገኘ በአዲስ ተለውጦ በልኩ ተወጠረ። የማሳው ሽቦ ተፈትቶ፥ ሥሩ ያለው ብረት እስኪያበራ ድረስ ተፍቆ ተመልሶ ታሰረ። የባትሪው መያዣዎች በሙቅ ውኃና በሶዳ ታጥበው ከደረቁ በኋላ ግራሶ ተቀቡ።

ባትሪው ግን አልተጣለም። አልተርኔተር የጎደለውን ለመተካት እንጂ ፍጹም ባዶ የሆነውን ባትሪ ለማዳን የተሠራ ስላልሆነ፥ በቻርጀር በ7 አምፔር ቀስ ብሎ ሲሞላ አደረ። ከዚያ ሽቦ ሳይታሰርበት አንድ ሌሊት አርፎ 12.5 ቮልት ተነበበበት። ሞተሪኖው ሲሠራ ወደ 10.1 ወረደ፤ ከ9.6 በታች ባለመውረዱ ባትሪው ጤነኛ ነው ተባለ። በጊዜ ስለ ተደረሰለት ሰልፌቱ ገና አልተጋገረበትም ነበር።

ከጥገናው በኋላ ሞተሩ ሲሠራ 14.2፥ መብራት ሲበራ 13.9 ቮልት ተነበበ። የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ወደ 0.1 ወረደ። በማሳው መንገድ የሚጠፋው 0.05 ሆነ። ቆማ የምትወስደውም 0.03 አምፔር ብቻ ሆነ። አጎቴ ለጥገናው የከፈለው ከአንድ አዲስ ባትሪ ዋጋ ሩቡን እንኳ አልሞላም። ቀድሞ የለወጣቸው ሁለት ባትሪዎችም ሳይመረመሩ ስለ ተሰናበቱ፥ ምናልባት ከመጀመሪያው ንጹሐን ነበሩ።

ሰ. ጥንቃቄ

ይህን ሥራ ያለ ዐዋቂ ማንም ተማሪ ብቻውን እንዳይሞክር አሳስባለሁ። የሚከተሉትንም ሁሉ ሰው ቢያውቃቸው መልካም ነው።

1ኛ፥ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የተባለ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣል። ሲጋራና ክብሪት ከአጠገቡ ይራቅ። አሲዱ ዓይንንና ልብስን ያቃጥላል፤ ከነካም ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ።

2ኛ፥ ሽቦ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይከተል። ይህ ከተጠበቀ ኪያቤ ብረት ቢነካ እሳት አይፈጠርም።

3ኛ፥ ቴስተር በአምፔር ላይ ሆኖ በመስመሩ መካከል ሳለ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር አይገባም፤ ወዲያው ይቃጠላል።

4ኛ፥ «አልተርኔተሩ ይሞላ እንደ ሆነ ልፈትን» ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ መንቀል የቆየ ልማድ ነው። በዲናሞ ዘመን ብዙ አይጎዳም ነበር። በዛሬው መኪና ላይ ግን ቮልቱ በድንገት ስለሚዘል ዳዮዶቹንና ኮምፒዩተሮቹን ያቃጥላል።

5ኛ፥ ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገናኝ፤ ቀጥሎ የኔጋቲቩ ሽቦ አንደኛው ጫፍ በደኅናው ባትሪ ላይ፥ ሌላው ጫፍ በደከመው መኪና የሞተር ብረት ላይ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰር።

6ኛ፥ ያረጀ ባትሪ በየሜዳው አይጣል። እርሳስ ሰውነትን በተለይም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ አሲዱም አፈሩን ያበላሻል። ለሚሰበስቡት መመለስ ይገባል። ሳይመረመር የተጣለ ባትሪ ሁሉ ከገንዘብ ኪሳራው በላይ ይህን መርዝ ያበዛል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በጎዳናችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ናቸው። ከአንባብያን አንዳንዶቹ «እንግዲህ ይህ ትምህርት አርጅቷል» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥም ለመብራት፥ ለበርና ለኮምፒዩተር የሚያገለግል 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለ። እርሱን የሚሞላው አልተርኔተር ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ የሚያቀብል መለወጫ ነው። መለወጫው ቢሰንፍ ወይም ሌባ ቢገባ፥ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አልነቃ ይላል። ጥያቄዎቹ ያው ሦስቱ ናቸው፦ ማን ይመግበዋል? ማን ይዘርፈዋል? እርሱስ ራሱ ጤነኛ ነውን? ልዩነቱ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን የከፍተኛ ቮልት ሽቦዎች ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም እንዳይነካ መከልከሉ ነው።

በአጭሩ፥ የደከመ ባትሪ ሲያጋጥመን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ሦስት ጊዜ እንለካ፤ አንዴ ባትሪው ሲያርፍ፥ አንዴ ሞተሩ ሲሠራ፥ አንዴ መኪናው ሲተኛ። ሦስቱ ልኬቶች አንድ ሰዓት ያህል ይፈጁ ይሆናል፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን የብዙ ቀን ድካም ያተርፋሉ።

መልመጃ

1. ባለ 60 አምፔር ሰዓት ሙሉ ባትሪ ያለው መኪና 0.5 አምፔር እየፈሰሰበት ቢቆም በስንት ቀን ባዶ ይሆናል?

2. አንድ መኪና ሲያርፍ 12.6፥ ሞተሩ ሲሠራ 15.6 ቮልት ይነበብበታል፤ የባትሪውም ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ጥፋቱ የማን ነው?

3. ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ ኔጋቲቩ ተፈትቶ ሲያድር ጠዋት 12.6 ይገኛል፤ ሳይፈታ ሲያድር ግን 11.9 ይሆናል። ተፈትቶም ሳለ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ መልሳችሁ ይለወጥ ነበርን?

መልስ፦ 1. በ120 ሰዓት፥ ማለት በ5 ቀን። ይሁን እንጂ ከዚያ አስቀድሞ ሞተር ማስነሣት ያቅተዋል። 2. የሬጉሌተሩ ነው፤ ከልክ በላይ እያስሞላ ባትሪውን ያፈላዋል። 3. በመጀመሪያው ሁኔታ በመኪናው ውስጥ ሌባ አለ፤ ባትሪው ንጹሕ ነው። ተፈትቶም የሚወርድ ቢሆን ግን ጥፋቱ የባትሪው የራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻ «ባትሪው ነው» ማለት ይገባል።